የፎገራ ጉድጓዶች በመስክ መመርመሪያ ቢፈተሹ

የፎገራ ሜዳ ውኃ አያጣም። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከደጋው ደለል ይዘው ወርደው ሜዳውን ይሞሉታል፤ ሩዙም በዚያው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል። በጋ ላይ ተራው የጉድጓድ ነው። አርሶ አደሩ ጥቂት ሜትር ቆፍሮ ያገኘውን ውኃ በሞተር ፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ከዚያው ጉድጓድ ለመጠጥ የሚቀዳበት ጊዜም አለ።

ድፍርስ ውኃን ዓይን ይለየዋል፤ ዝገት ዝገት የሚለውንም ምላስ ያውቀዋል። አርሰኒክ፣ እርሳስና ካድሚየም ግን በውኃ ውስጥ ቀለምም ሽታም የላቸውም። ማፍላትም አያስወግዳቸውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ክምችታቸው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር ለአርሰኒክም ለእርሳስም 10፣ ለካድሚየም ደግሞ 3 ማይክሮግራም ነው። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከፍሎራይድ ጋር አርሰኒክም ከወሰን በላይ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ላይም ከፍሳሽ የመጡ ከባድ ብረታ ብረቶች በጥናት ታይተዋል። ፎገራ እንደ አቃቂ የፋብሪካ ፍሳሽ አይወርድበትም። ነገር ግን የአርሰኒክ ምንጭ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን አለቱና ደለሉም ሊሆን ይችላል፤ ሜዳው ደግሞ ሩዝ አምራች ነው። ማሳ ላይ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ አፈሩ አየር ያጣል፤ አርሰኒክ ካለበት ይለቀቅና የሩዙ ሥር ይስበዋል። ማሳውን እያፈራረቁ ማጠንፈፍ አርሰኒኩን ይቀንሳል። ካድሚየም ባለበት መሬት ላይ ግን ይኸው ሥራ ጉዳቱን ያብሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመምረጥ በፊት መለካት ይቀድማል፤ በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ለምክር ቅርብ ነው።

ባንግላዴሽ ይህን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። ሕዝቡን ከተቅማጥ በሽታ ለማዳን የተቆፈሩት ጉድጓዶች አርሰኒክ ይዘው ተገኙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2003 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች በመስክ ኪት ተፈትሸው፣ የአገሪቱን ወሰን ያለፉት ቀይ፣ ያላለፉት አረንጓዴ ተቀቡ። ቀይ የሆነው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። የአንዱ ጓሮ ቀይ ሆኖ የጎረቤቱ አረንጓዴ የሆነበት ቦታም ብዙ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ፈትሾ ስለ ቀበሌው ሁሉ መናገር አይቻልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በትንሽ ጠርሙስ በተቀዳ ውኃ ላይ አሲድና የዚንክ ዱቄት ሲጨመር አርሰኒኩ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ክዳኑ ሥር ያለውን ወረቀት ከቢጫ እስከ ቡናማ ያቀልመዋል። ቀለሙ ከሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሠራል። እንደ ረግረግ ውኃ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጉድጓድ ወረቀቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሽታውን የሚያስወግደው ዱቄት መዘንጋት የለበትም።

በዚህ ኪት እርሳስና ካድሚየም አይታዩም። ለእነሱ የሚሸጡ ርካሽ ወረቀቶችም ብዙዎቹ እስከ መጠጥ ውኃ ወሰን ድረስ አይወርዱም። ስለዚህ የመስክ ኪት እንደ ወንፊት ነው፤ የተጠረጠረውን ይለያል፣ የመጨረሻውን ቃል ቤተ ሙከራ ይናገራል። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጋ ማብቂያ ላይና ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ቢፈትሹ፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና ቦታ ቢመዘግቡ፣ ናሙናም ለማረጋገጫ ቢልኩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። ቀይ የወጣበትን ጉድጓድ ዘግቶ ቤተሰቡን ወደ ወንዝ መመለስ ተቅማጥን መጋበዝ ነው። ለመጠጥ ከአረንጓዴው ጎረቤት ይቀዳ፤ ቀዩ ለልብስ ማጠቢያ ይበቃል። ያገለገለው ወረቀት ሜርኩሪ ስላለበት ማሳ ላይ አይጣልም፤ ተሰብስቦ ለጽሕፈት ቤቱ ይመለሳል።