የማኅበረሰብ ጤና ምክር ቤት፦ ድምፅ የማይሰጥ ተቆጣጣሪ

በእንግሊዝና በዌልስ ከ1974 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የሕዝብ ሆስፒታሎችንና ጤና ጣቢያዎችን የሚያስተዳድሩ ቦርዶችን በነዋሪው ስም እንዲከታተሉ በሕግ የተቋቋሙት አካላት የማኅበረሰብ ጤና ምክር ቤቶች ይባሉ ነበር። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ታሪክ ሲጻፍ ሚኒስትሮች፣ ሐኪሞችና የበጀት ውዝግብ ምዕራፍ በምዕራፍ ይተነተናሉ፤ እነዚህ ምክር ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋሉ፤ ያም አንቀጽ የአቤቱታ ጽሕፈት ቤቶች አድርጎ ስለሚያቀርባቸው የተቋሙን ፍሬ ነገር ይስታል።

የአመሠራረታቸው ምክንያት በአጭሩ የሚነገር ነው። በ1948 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በዋናነት ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደር ሥርዓት ሲሆን፣ የሚመሩት ቦርዶች ሕዝብ የመረጣቸው ሳይሆኑ ከላይ የተሾሙ ነበሩ። በ1967 በካርዲፍ ከተማ በነበረው በኤሊ ሆስፒታል የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሕሙማን ላይ የሚፈጸመው በደል በጋዜጣ ይፋ ከወጣና በ1969 የታተመው የምርመራ ሪፖርት ብዙውን ክስ ካረጋገጠ በኋላ፣ ቦርዶች ስለ ራሳቸው የሚያቀርቡትን ዘገባ ብቻ ማመን እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። በ1973 የወጣው የመልሶ ማደራጃ ሕግ አስተዳደርን ከውክልና ለየ፤ ማስተዳደሩን ለአካባቢ ጤና ባለሥልጣናት፣ ማለትም በቦርድ ለሚመሩ የየአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ሲሰጥ፣ ነዋሪውን መወከሉን ደግሞ በየጤና ወረዳው ለተቋቋሙ 200 ያህል ምክር ቤቶች ሰጠ።

ከምክር ቤቱ አባላት ግማሹን የአካባቢው መስተዳድሮች ይሾሙ፣ ሲሶውን የበጎ አድራጎት ማኅበራት ይመርጡ፣ የቀሩትን የክልሉ የጤና ባለሥልጣን ይሰይም ነበር፤ ሁሉም ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር። ቋሚ ሠራተኞቹ ብዙውን ጊዜ አንድ ጸሐፊና አንድ ረዳት ብቻ ነበሩ። በጀታቸው የሚመጣው ከሚከታተሉት ቦርድ ሳይሆን ከእሱ በላይ ካለው የክልል ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ተቆጣጣሪው የሚተዳደርበትን ገንዘብ ከተቆጣጠረው አካል እጅ አይጠብቅም ነበር። ሕጉ ሆስፒታል ገብቶ የመጎብኘት፣ ከቦርዱ መረጃ የመጠየቅና ዓመታዊ ሪፖርት የማሳተም መብት ሰጥቷቸው ነበር፤ ቦርዱም በሪፖርቱ ላይ ያለውን አስተያየት፣ የወሰደውን እርምጃ ጨምሮ፣ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ተገዷል። በ1974 ሚኒስትር የነበሩት ባርባራ ካስል ባቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ መሠረት ደግሞ እያንዳንዱ ምክር ቤት በቦርዱ ስብሰባ ላይ የሚገኝ አንድ ታዛቢ የመላክ መብት አገኘ፤ ይህ ታዛቢ መናገር ይችላል፣ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም።

ድምፅ አለመኖሩን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ተቺዎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም በዚህ ጽሑፍ አመለካከት የተቋሙ ብልኃት ከዚሁ ይጀምራል። አንድ የነዋሪዎች ተወካይ በቦርድ ውስጥ ድምፅ ከሰጠ፣ በተሸነፈበት ጉዳይ እንኳ የውሳኔው ባለቤት ይሆናል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ ከሌሎቹ ጋር ሰፍሮ ይገኛል፣ ወደ ሕዝቡ ሲመለስም ውሳኔውን ማስረዳት እንጂ መቃወም ይከብደዋል። ታዛቢው ግን ሰነዱን አንብቦ፣ ክርክሩን ሰምቶ፣ አስተያየቱን ተናግሮ ሲወጣ እጁ ነጻ ነው።

የአቤቱታ ጽሕፈት ቤት ናቸው የሚለው የተለመደ ስሕተት የመጣው፣ ጸሐፊዎቹ በሕክምና የተበደሉ ሰዎችን ደብዳቤ በማጻፍና በችሎት ፊት አብሮ በመቆም በእርግጥ ይረዱ ስለነበር ነው። ይሁን እንጂ በአቤቱታው ላይ የመፍረድ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሕግ የሰጣቸው ትልቁ መሣሪያ ሌላ ነበር፤ እሱም ሆስፒታል ወይም የሆስፒታል ክፍል ሲዘጋ፣ ወይም አገልግሎት በከፍተኛ ደረጃ ሲለወጥ፣ አስቀድሞ የመመከር መብት ነው።

አሠራሩ በ1975 በወጣ የመንግሥት መመሪያ የተደነገገ ሲሆን፣ በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ነው። ቦርዱ አንድን ሆስፒታል ለመዝጋት ሲያስብ የምክክር ሰነድ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ከተስማማ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፣ ሚኒስትሩም አይጠየቁም። ምክር ቤቱ ከተቃወመ ግን ተቃውሞው ብቻውን አይበቃም፤ ቦርዱን ወደ መዝጋት የመራውን የገንዘብ እጥረት ጨምሮ ያሉትን ገደቦች ሁሉ ከግምት ያስገባ፣ ዝርዝርና ገንቢ የሆነ ተለዋጭ ዕቅድ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ይህ ዕቅድ ቀርቦ ቦርዱና የክልሉ ባለሥልጣን በመጀመሪያ ሐሳባቸው ከጸኑ፣ ውሳኔው ወደ ሚኒስትሩ ይወጣል፤ ሚኒስትሩም በፓርላማ ተጠያቂ በሆኑበት በራሳቸው ስም ይወስናሉ።

ምክር ቤቱ የመሻር ሥልጣን ፈጽሞ አልነበረውም። የነበረው ነገር ቢኖር ውሳኔን ከተሾመ ቦርድ እጅ አውጥቶ ሕዝብ በምርጫ ሊቀጣው ወደሚችል ሰው ጠረጴዛ ማድረስ ነው፤ ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ ሒሳብ መሥራት ነበር። ሁለት ሠራተኛ ያለው ጽሕፈት ቤት የአልጋ ይዞታን መጠን፣ ማለትም በዓመቱ ውስጥ ካሉት አልጋዎች ምን ያህሉ በሕሙማን ተይዘው እንደቆዩ የሚያሳየውን አኃዝ መመርመር፣ የጥገና ወጪውን ማነጻጸር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላው ሆስፒታል ስንት አውቶቡስ ቀይራ እንደምትደርስ ማስላት ነበረበት። ይህን ለመሥራት ደግሞ የቦርዱ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተለዋጭ ዕቅድ የማቅረቡ ግዴታ በነዋሪው ላይ የተጣለ ሸክም ቢመስልም፣ ቦርዱ ስሌቱን በአደባባይ እንዲዘረጋ ያስገድድ ነበር። አሠራሩ ነዋሪውን ያለ ደመወዝ አስተዳዳሪ ያደርገዋል፣ የበጀት እጥረቱንም እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንዲቀበል ያደርገዋል የሚለው ነቀፌታ ከፊል እውነት አለው፤ ቢሆንም በጩኸት ብቻ ከተደገፈ ተቃውሞ ይልቅ በቁጥር የተደገፈ ተቃውሞ ሚኒስትርን ይበልጥ ያስቸግራል።

ቦርዶች ይህን መንገድ የሚያልፉበት ዘዴ አላጡም፤ ከሁሉም የተለመደው «ጊዜያዊ መዝጋት» ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ ያጠረው ባለሥልጣን አንድን ክፍል ለጊዜው ብቻ እንደሚዘጋ ያስታውቃል፤ ነርሶቹ ወደ ሌላ ይዛወራሉ፣ መሣሪያው ይነሣል፣ ሕሙማኑም ሌላ ቦታ መታከም ይለምዳሉ፤ ምክክሩ ዘግይቶ ሲጀመር የሚድን ነገር አይገኝም። ደንቡ ለጤና አገልግሎቱ ጥቅም ሲባል አስቸኳይ ውሳኔ ሲያስፈልግ ያለ ምክክር መወሰን እንደሚቻል ስለፈቀደ፣ ቦርዶቹ በዚህች ቀዳዳ ይገቡ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ በዴቨን አውራጃ በአንድ አነስተኛ ሆስፒታል መዘጋት የተነሣ ክርክር ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ አንድ ባለሥልጣን መመካከር ሲገባው ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ጊዜው ሲጠብበት ራሱ የፈጠረውን ጥድፊያ እንደ ምክንያት ሊያቀርብ እንደማይችል ተፈርዷል። ዛሬም ቢሆን ዕቅዱን ጨርሶ ካተመ በኋላ «አስተያየታችሁን እንፈልጋለን» የሚል አስተዳዳሪ ይህን ፍርድ ቢያነበው አይጎዳውም።

ነቀፌታው ለአስተዳዳሪዎች ብቻ አይደለም። የምክር ቤቶቹ ሥራ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያይ ነበር፤ አንዳንዶቹ አባላት የጉብኝት መብታቸውን የግድግዳ ቀለምና የሻይ ክበብ ምግብ በማየት ጨርሰው፣ የቦርዱን የበጀት ሰነድ ሳይገልጡት ይመለሱ ነበር። በአንጻሩ በለንደን የሳውዝዋርክ ምክር ቤት የጀመረው የድንገተኛ ክፍል ቆጠራ የትጋት ምሳሌ ነው፤ አባላቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት በየሆስፒታሉ ገብተው፣ አልጋ አጥተው በባለጎማ ቃሬዛ ላይ የሚጠብቁ ሕሙማንን ቆጥረው እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ ይመዘግቡ ነበር፤ ቆጠራውም ኋላ ላይ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። መንግሥት ከሚያወጣው አማካይ አኃዝ ጎን እንዲህ ያለ የአንድ ሰዓት ፎቶግራፍ መቅረቡ በሚኒስቴሩ ዘንድ የተወደደ አልነበረም።

በ2000 የወጣው የመንግሥት የጤና ዕቅድ ምክር ቤቶቹ እንደሚፈርሱ አስታወቀ። ሐሳቡ በ2001 በፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ተቃውሞ ገጥሞት ለጊዜው ቢወድቅም፣ በ2002 በወጣ ሌላ ሕግ ጸድቆ በእንግሊዝ ያሉት ምክር ቤቶች በዲሴምበር 2003 ተዘጉ። በምትካቸው ለየሆስፒታሉ ቦርድ የሕሙማን መድረክ ተቋቋመ፤ መድረኮቹ በ2008 በሌላ መረብ፣ መረቡም በ2013 ሄልዝዎች በተባለ ድርጅት ተተካ፤ በ2025 ደግሞ መንግሥት ይህንኑ ድርጅት ለማፍረስ ማቀዱን ገለጸ። በስታፎርድ ሆስፒታል ለዓመታት የዘለቀውን የሕሙማን በደል የመረመረውና በ2013 የታተመው የሮበርት ፍራንሲስ ሪፖርት፣ ምስክሮቹ የቀድሞዎቹን ምክር ቤቶች ከተተኪዎቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ለቀድሞዎቹ ያደሉ እንደነበር መዝግቧል። በዌልስ ምክር ቤቶቹ እስከ 2023 ቆይተው ላይስ ለሚባል አንድ ብሔራዊ አካል ቦታቸውን ለቀዋል።

የመዘጋትን ጉዳይ ወደ ሚኒስትር የማድረሱ መብት በእንግሊዝ ከምክር ቤቶቹ ጋር አልሞተም፤ በ2003 ለአካባቢ መስተዳድሮች የጤና ቁጥጥር ኮሚቴዎች ተላለፈ። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ግን ይህም ቀርቶ፣ ማንኛውም ሰው ሚኒስትሩ ጉዳዩን እንዲመለከቱት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ማየት ወይም አለማየት የሚኒስትሩ ፈቃድ ነው፣ ጠያቂውም ተለዋጭ ዕቅድ ማቅረብ እንደ ቀድሞው አይጠበቅበትም።