የሪያድ ጸደይ፦ ሕፃናት፣ የግቢ አትክልትና እናንተ



በአገራችን ምድር በአበባ የምታጌጠው ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው። የሪያድ አበባ የሚፈነዳው ግን በየካቲትና በመጋቢት ነው። በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይወርዳል፤ በጸደይ ብርዱ ይለዝባል፣ ሙቀቱም ገና አይበረታም። ቤተሰቡ ምንጣፉን ይዞ ወደ ሆሹ ይወጣል። ልጆቹ ወጡ ማለት ጠባቂያቸው እናንተም ወጣችሁ ማለት ነውና፣ በእነዚህ ሳምንታት ልብ ልትሉት የሚገባውን እነሆ።

ከልጆች ጋር ምን ይተከላል?

ሕፃን ዛሬ የዘራውን ነገ ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚበቅል ምረጡ። ጅርጅር በጥቂት ቀናት ብቅ ይላል፣ በወር ገደማም ለሰላጣ ይደርሳል። ከገበያ የመጣ የናና ዘንግ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ሥር ያወጣል። ውኃ ማጠጣት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን። ጤና አዳም ብታገኙ የአገራችሁ ሽታ ነው፤ ነገር ግን ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቆስላልና ልጆች እንዳይጨምቁት።

ከምን እንጠንቀቅ?

1. ዲፍላ፦ ረጅም ቅጠል ያለው፣ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። በመንገድ ዳርና በየግቢው ይተከላል። ቅጠሉም አበባውም እንጨቱም መርዝ ነው፤ ያስመልሳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ልጁ ከበላ በአፉ የቀረውን አውጡ፣ አፉን አጉመጥምጡት፤ በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ቅጠሉን ለሐኪም ለማሳየት ያዙ።

2. ሳምሱም፦ እርጥብ አፈር የሚወድ ጥቁር ጉንዳን ነው፤ በቧንቧና በአበባ መደብ አጠገብ ይገኛል። ለብዙዎች ንድፊያው ሕመም ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ግን ፊቱ ያብጣል፣ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይህ ሕይወት ያሳጣል። ልጆችን ጫማ አልብሷቸው፤ እናንተም በባዶ እግር አትውጡ።

3. ፀረ-ተባይ፦ በተረጨበት ቀን ልጅ ወደ አትክልቱ አይቅረብ። መርዙ በውኃ ጠርሙስ ተገልብጦ አይቀመጥ።

4. ውኃ፦ ገንዳ ብቻ ሳይሆን በባልዲ ያለ ውኃም ሕፃን ያሰምጣል። ስልክ ሲጠራ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

5. አቧራ፦ በመጋቢትና በሚያዝያ አውሎ አቧራ ይነሣል። ሰማዩ ሲደፈርስ ልጆቹን አስገቡ፣ መስኮት ዝጉ፤ አስም ላለበት ልጅ መድኃኒቱ በእጃችሁ ይሁን።

አደጋ ቢደርስ

አምቡላንስ በ997 ይጠራል፤ በሪያድ 911ም ይሠራል። "ኢስዓፍ" በሉ፤ ቀጥሎም "አል-ወለድ አከል ዲፍላ" (ልጁ ዲፍላ በላ) ወይም "ማ ይቅደር ይተነፈስ" (መተንፈስ አልቻለም)። ለእናቱ ወዲያው ንገሩ። ቁጣ ፈርቶ መደበቅ ልጁን ሊገድል ይችላል፤ እናንተንም የባሰ ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። ስለ ዲፍላውና ስለ ገንዳው አስቀድማችሁ ለማዳሟ ማሳየታችሁም ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል።

አትክልቱ የማን ሥራ ነው?

ከልጆች ጋር ናና ማጠጣት ጨዋታ ነው። ግቢውን መቆፈር፣ ዛፍ መከርከምና መርዝ መርጨት ግን የአትክልተኛ ሥራ ነው፤ በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ሥርዓትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ያዝዛል። ውላችሁን አንብቡ፤ ያልተጻፈ ሥራ ሲታዘዝ በትሕትና አስታውሱ። ካልተሰማችሁ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው።

ልጁ ያጠጣው ናና ለምልሞ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ደስታው የእናንተም ነው። አገር ቤት የተዋችሁት ልጅ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ እሱም በቆርቆሮ አፈር ሞልቶ እንዲዘራ ንገሩት። ስለ ቡቃያው የምትነጋገሩት አይጠፋም።