በገበያ ቀን የሚዘጋው ቤተ መጻሕፍት

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ገበያው ደርቷል። ስንዴ በስፋት በሚመረትባት አንዲት የደጋ ወረዳ ከተማ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ተቆልፏል። ከሕንፃው ጀርባ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ግን ሰባት ስምንት ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ አርሶ አደር አሉ። ልጃቸው ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ይዟል። ቤቱ ቢዘጋም ዋይፋዩ አልጠፋም፤ በመስኮቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

አባትና ልጅ የሚጠብቁት አንድ ፎቶ እስኪላክ ነው። ጠዋት ማሳቸው ላይ ያዩትን የስንዴ ቅጠል ልጁ በስልኩ አንስቶታል። በቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ቢጫ ነገር በመስመር በመስመር ተደርድሯል። ፎቶው የሚሄደው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ እርሳቸው በዕለቱ ለሥራ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደዋል። የኢንተርኔት ጥቅል ለምን እንደማይገዙ አርሶ አደሩን ጠየቅኋቸው። በጎጣቸው ኔትወርኩ ለድምፅ እንጂ ለፎቶ እንደማይበቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከተማ ሲወጡ ለሚጠቀሙበት ደግሞ ጥቅል መግዛት እንደማያዋጣቸው ነገሩኝ።

ለስንዴ አምራች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኝ በነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ ይዛመታል። በ2002/03 የምርት ዘመን በሀገራችን የተከሰተው ወረርሽኝ፣ በወቅቱ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ መጉዳቱን የዘርፉ ሰዎች አይረሱትም። የፀረ ፈንገስ ርጭት ይበልጥ የሚጠቅመው በሽታው ገና ሲጀምር ነው። ቅጠሉን ከሸፈነው በኋላ ቢረጩት ኪሳራው በአብዛኛው አይመለስም። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ማሳ ያለው ሰው ያውቀዋል።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ በሥራ ቀን እርሻ ላይ ነው፤ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ከካቡ ላይ የሚገኘው ሞገድ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ደካማ ነው፤ ፎቶ ለመላክ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቪዲዮ ለማውረድማ አይታሰብም። ሠራተኛው ማብሪያውን አጥፍቶ የሄደ ዕለት ያም የለም። የመስመሩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ቤቱ ተከፈተም ተዘጋም ያው ነው።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ ከጸደቀ ወዲህ በየስብሰባው ስለ ዲጂታል ግብርና ሲነገር እሰማለሁ። ለዚህች ከተማ ግን አዲስ መሣሪያ አያስፈልጋትም። ቤቱ ቅዳሜ ተከፍቶ ሠራተኛው በምትኩ በሌላ ቀን ቢያርፍ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤትም አንድ ባለሙያ በዚያው ዕለት አንዲት ጠረጴዛ ይዞ ቢቀመጥ በቂ ነው። ይህን ለመወሰን የወረዳው አመራር የክልሉን ደብዳቤ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም።

ቤቱ ሲከፈት ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ መያዝ የለበትም። አንድ ልጅ ስለ ዋግ ወይም ስለ ተምች የተዘጋጀ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ካወረደ፣ በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ለመንደሩ ሁሉ ሊያዳርሰው ይችላል። ስልኩ ተራ የሆነ አርሶ አደር ደግሞ ወደ 8028 ደውሎ የግብርና ምክር በአማርኛ በነፃ ማዳመጥ ይችላል፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ከካቡ ላይ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ በዚያው ዋይፋይ ገንዘብ ሲልክ አይቻለሁ። የሕዝብ መስመር ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም። ማንኛውም ሰው የራሱን ስልክ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ሰይሞ ዋይፋይ ሊያሰራጭ ይችላል፤ ስሙን አይቶ የገባ ሰው በማን መስመር ላይ እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ትክክለኛውን ስምና የይለፍ ቃል ከሠራተኛው መጠየቅ፣ የባንክ ምስጢር ቁጥርንም እዚያ አለመንካት ይበጃል። በቴሌብር መላክ የፈለገ *127# ቢደውል በዋይፋዩ በኩል አያልፍም። ለምርጥ ዘር ቅናሽ አለ፣ ቅድሚያ ክፈሉ የሚል መልእክት ከመጣም ከመክፈል በፊት ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጎራ ማለት ነው።

ፎቶው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዋ ደወሉ። ልጁ ስልኩን ለአባቱ ሰጣቸው። የታችኞቹ ቅጠሎችም እንደዚያው እንደሆኑ፣ ምልክቱ ከማሳው በየትኛው በኩል እንደጀመረና የጎረቤት ማሳ እንዴት እንደሆነ ጠየቋቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሳው ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። አርሶ አደሩ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አህያቸውን ወዳሰሩበት ወደ ገበያው ወረዱ።