ዱባው እንዴት ሠረገላ ሆነ?

ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን አንድ ዱባ ዓይናችሁ እያየ ሠረገላ ሲሆን እስቲ አስቡት! ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1899 በሠራው «ሲንደሬላ» በተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ታዲያ እንዴት? ካሜራው ሳይነቃነቅ ቀረጻው ይቋረጣል። ተዋናዮቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ፤ ዱባው ይነሳና ሠረገላው ይተካል፤ ቀረጻው ይቀጥላል። በኋላ መጋጠሚያው ላይ ያሉት የተበላሹ ምስሎች ተቆርጠው ፊልሙ ይለጠፋል። ተመልካቹ የሚያየው ቅጽበታዊ ለውጥ ብቻ ነው።

ሜልየስ ቀድሞ የመድረክ ምትሃተኛ ነበር። ከ500 በላይ ፊልሞች ሠርቶ ከሰረ፤ በ1923 ኔጋቲቮቹን አቃጠላቸው። ዱባውን ዛሬ የምናየው የተባዙ ቅጂዎች ስለተረፉ ነው።

ስልካችሁን አስደግፉና እናንተም ሞክሩት፤ ብቻ ማንም እንዳይነቃነቅ!