ከመቅኔ የሚነሣው ማይሎማ

በኢሉባቦር፣ መቱም ሆነ ጎሬ፣ የቡና ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ አዛውንት ወገባቸውን ሲያማቸው ብዙ ጊዜ በሥራው ወይም በዕድሜ ይመካኛል። ሕመሙ ሳምንታት አልፎ ከበረታ፣ ድካምና የደም ማነስ ከተከተለ፣ ኩላሊትም ከደከመ ግን ሐኪም ማይሎማን ማሰብ አለበት።

ማይሎማ ከአጥንት መቅኔ የሚነሣ የደም ካንሰር ነው። መቅኔ ውስጥ ያሉት ፕላዝማ ሴሎች በሽታ የሚከላከሉ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ። በጤነኛ ሰው የእነዚህ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው። በማይሎማ ግን የአንድ ሴል ዘር ብቻ ተባዝቶ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያለ ልክ ያመርታል፤ ሐኪሞች ኤም ፕሮቲን ይሉታል። ጤነኞቹ ሴሎች ቦታ ስለሚያጡ ታማሚው በሳንባ ምችና በመሳሰሉት ደጋግሞ ይጠቃል። የፕሮቲኑ ቁርጥራጮች የኩላሊትን ቱቦዎች ይደፍናሉ። አጥንት ይሳሳል፤ ካልሲየሙም ወደ ደም ይፈስሳል።

ፍንጩ በቀላል ምርመራም ይገኛል። ደም በቀጭን ቱቦ ለአንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀይ ሴሎቹ ምን ያህል እንደሚዘቅጡ ይለካል፤ ኢኤስአር የሚባለው ይኸው ነው። በማይሎማ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ሴሎቹ እንደ ተደራረበ ሳንቲም ተጣብቀው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ቲቢም ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋል፤ አከርካሪን ሲይዝም ወገብ ያሳምማል።

የሽንት መመርመሪያ ወረቀትም ሊያሳስት ይችላል። በዋናነት የሚለየው አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን ስለሆነ የማይሎማው ቁርጥራጭ ሊያመልጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሐኪሙ ሔንሪ ቤንስ ጆንስ የመረመረው የታማሚ ሽንት ሲሞቅ ይረጋ፣ ሲፈላ ይሟሟ፣ ሲበርድ ደግሞ ይረጋ ነበር። ቁርጥራጩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኤም ፕሮቲን የተገኘበት ሁሉ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ ምንም ሳያማቸው ፕሮቲኑ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም በዓመት ወደ በሽታ የሚያልፉት ከመቶ 1 ገደማ ናቸው። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ማይሎማ ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይበዛል።

በሽታውን ለማረጋገጥ የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ መለየትና የመቅኔ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ለኢሉባቦር ነዋሪ የመጀመሪያው ትልቅ በር፣ በሰዎች ለሰዎች ድርጅት መሥራች በካርልሄይንዝ በም ስም የሚጠራው መቱ ካርል ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ የሪፈር ወረቀቱ ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ሊያመራ ይችላል። በሽታው በአብዛኛው ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒት ለዓመታት ይታገዳል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ደጋግሞ መውሰድ የተዳከመውን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳዋል።