ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለይ ዓይን

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ስንዴና ስለ እንክርዳድ ያስተማረውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምረን ሰምተነዋል (ማቴ. 13)። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ሊነቅሉ በፈቀዱ ጊዜ ባለቤቱ የከለከላቸው፣ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ስለ ሠጋ ነው። ይህም ሥጋት እውነተኛ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ እንክርዳድ ዛላው እስኪወጣ ድረስ ስንዴን ይመስላልና።

ዛሬ ይህን የመለየት ሥራ በብርሃን አማካይነት የሚያከናውኑ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። አሠራራቸውም እንዲህ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቅጠሉ ግን ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል። ባዶ አፈር እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ መሣሪያው ሁለቱን አመዛዝኖ ቅጠል ያለበትን ስፍራ ያውቃል፤ የአረሙንም መድኃኒት በዚያ ብቻ ይረጫል።

ነገር ግን ይህ ዓይን አረንጓዴውን ከአፈር እንጂ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ አይለይም። ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ወዳጅና ጠላት አንድ ይሆኑበታል። ስለዚህ ሌላ ብልሃት አስፈለገ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ብሉ ሪቨር ቴክኖሎጂ በመጀመሪያ የሰላጣ ቡቃያ የሚያሳሳ መሣሪያ ሠራ። ቀጥሎም አረምን ከጥጥ ወደ መለየት ተሻገረ፤ በ2017 ዓ.ም. ጆን ዲር የተባለው የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ አሠራር ካሜራው የቅጠሉን መልክና ቅርጽ ያያል፤ ኮምፒዩተሩም ሰዎች አስቀድመው «ይህ ሰብል ነው፤ ይህ አረም ነው» ብለው ምልክት ካደረጉባቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች በተማረው መሠረት ይፈርዳል። እንግዲህ የመሣሪያው መምህር የሰው ዓይን ነው።

በአገራችን የጤፍ ማሳ ላይ ፈተናው ይበረታል። ጤፍ በብዙ ስፍራ በእጅ ስለሚበተን መደዳ የለውም፤ ሙጃን የመሰለ የሣር አረምም በለጋነቱ በቅጠል ይመስለዋል። እናቶቻችንና ልጆቻቸው ግን በክረምት ጭቃ ጎንበስ ብለው አንዱን ከአንዱ ሲለዩ ይውላሉ። ወገባቸውን የሚያሳርፍ መሣሪያ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ሆኖም ዕውቀቱን የሚማረው ከእነርሱ መሆኑን አንርሳ።

በቋንቋችን እርሻን ማረምና ስሕተትን ማረም በአንድ ቃል ይነገራል። እኛም ልጆቻችንን ስናርም፣ ክፉውን እነቅላለሁ ብለን መልካሙን ቡቃያ እንዳንነቅል፣ አስቀድመን አጥርተን እንይ። ለዚህም የሚያስተውል ልቡና እግዚአብሔር ይስጠን።