ጅብራ፦ የውርጭ አገር ተክል

ጅብራ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ቦታ የሚበቅል ግዙፍ ተክል ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። ዘመዶቹ በኬንያ ተራራና በኪሊማንጃሮ ላይ ቢገኙም፣ ጅብራ ራሱ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። ከሩቅ ሲታይ ዘንባባ ይመስላል፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ረጃጅም ቅጠሎቹም በአናቱ ላይ ዙሪያውን ተደርድረው ይወጣሉ። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚለውን አነጋገር ከልጅነቱ የሰማ ሰው ተክሉን ተራራው ላይ ሲያገኘው ለመለየት አይቸገርም።

የሚኖርበት ቦታ ቀን ፀሐይ የሚያቃጥልበት፣ ሌሊት ውሃ የሚረጋበት ነው። ሌሎች ዛፎች ይህን መፈራረቅ አይችሉትም። ከደጋው ወደ ላይ ሲወጣ መጨረሻ የሚቀረው አስታ ነው፤ እሱም እያጠረና እየሳሳ ሄዶ ቦታውን ለጓሳ ሣርና ለጅብራ ይለቃል። ጅብራ ብርዱን የሚቋቋምበት መንገድ ያስደንቃል። ማታ ሲሆን በአናቱ ያሉትን ቅጠሎች ወደ ውስጥ ይሰበስብና መሐል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይዘረጋቸዋል። ግንዱ በወፍራም ልጥ የተሸፈነ ሲሆን የረገፉት ቅጠሎች ጠባሳ ከታች እስከ ላይ ይታይበታል። ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል።

ለማየት የሚያጓጓው ግን አበባው ነው። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ለብዙ ዓመታት ቅጠል እያወጣ ከቆየ በኋላ ከአናቱ መካከል ረጅም የአበባ ዘንግ ይመዛል፤ ያን ጊዜ ጠቅላላ ቁመቱ ከ6 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። አበቦቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወይን ጠጅ ቀለም አላቸው፤ ከዘንጉ ሥር ጀምረው ወደ ጫፍ ተራ በተራ ይፈካሉ። በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው የአበባ ማር ቀሳሚ ወፍ እዚያ አትጠፋም። ዘሩ ከተበተነ በኋላ ተክሉ ይሞታል፤ ደርቆ የጠቆረው ዘንግ ግን ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ መሬት የያዘው ችግኝ፣ የጎለመሰው፣ የሚያብበውና የሞተው ጎን ለጎን ይታያሉ። የአንድ ተክል ሙሉ ዕድሜ በአንድ እይታ እንዲህ የሚገለጥበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ መንገዱን መውጣት ተገቢ ነው።

ጅብራን ለማየት በብዛት የሚመረጡት ሁለት ፓርኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎብኚ እዚያ ተመዝግቦ፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭና ጨነቅ ይዘልቃል። የግጭ ሜዳ በጅብራ የታወቀ ነው፤ በጨነቅ አካባቢ ደግሞ ጭላዳና ዋልያ ይታያሉ። ክረምቱ ወጥቶ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ስለሆነ ለጉዞ ይመቻል። አደይ አበባም በዝቅተኛው ተዳፋት ላይ ያኔ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ ግን ከቆላ የመጣ ሰው አንድ ሁለት ቀን ደባርቅ ወይም ሳንቃበር አርፎ ቢወጣ ይበጀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብዙ መራመድ ለማይችል ይቀላል፤ ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ ስለሚያቋርጥ ጅብራው ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። በመንዝ ጓሳ፣ በጉናና በጮቄ ተራሮች ላይም አለ።

በጮቄ ግን የገብስና የድንች እርሻ ወደ ላይ እየገፋ ቦታውን አጥብቦበታል። ሌላው ስጋት የአየሩ መሞቅ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቆላማ ተክሎች ወደ ላይ መሸሽ ይችላሉ፤ ጅብራ ግን ያለው ተራራው ጫፍ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሬት የለውም። ተመራማሪዎች በሠሩት ትንበያ መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ ለእሱ ከሚስማማው ቦታ አብዛኛው ሊጠፋ ይችላል።